«ደኅና ነኝ» ያለው ወታደር

(በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ነገሬን ከሰላምታ ልጀምር። አንድ ወጣት ወንድማችን በአሜሪካ ጦር ውስጥ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ከጦሩ ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ወገቡ ሌሊት ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል፤ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ በር በኃይል ከተዘጋ ከተቀመጠበት ዘሎ ይነሣል። የአካል ጉዳት ካሳ አመለከተና ለሕክምና ምርመራ ተጠራ። ሐኪሙ ገና ከበሩ ሲገባ «እንዴት ነህ?» አለው። ልጁም እናቱ እንዳሳደገችው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «ወገብህስ?» «ምንም አይልም፣ እችለዋለሁ።» ምርመራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከወራት በኋላ ማመልከቻው ተቀባይነት እንዳላገኘ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣለት። ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ «ጋሼ፣ አላመኑኝም» አለኝ። የምርመራውን ወረቀት አስመጥተን አብረን አነበብነው። አምነውታል። ደኅና ነኝ አለ፤ ደኅና ነው ብለው ጻፉ።

ዛሬ ስለ ፎርም አሞላል ልትሰሙ እንደ መጣችሁ አውቃለሁ። ፎርሙ እንኳ ቀላሉ ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። የሚከብደው፣ ሕመሙን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የኖረ ሰው አፉን እንዲከፍት፣ የተናገረውም ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ነው። እኛ ዘንድ ችሎ ማደር ጨዋነት ነው። ጦሩም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ የታመመ ወታደር ጓዶቹን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ስለዚህ ጥርስህን ነክሰህ ቀጥል። ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ፣ ስለ ሌላው ሁሉ መስክሮ ስለ ራሱ ግን መመስከር የማይሆንለት ሰው ይወጣል። አያቶቻችን ለአንድ ክንድ የመሬት ወሰን ሃያ ዓመት ይሟገቱ ነበር። የእነሱ የልጅ ልጅ ስለ ገዛ ጉልበቱ ለመከራከር ያፍራል።

ልጆቻችን በብዛት በዚህ ጦር ውስጥ አሉ። ግሪን ካርድ ይዘው የገቡ አሉ፤ እዚሁ ተወልደው የገቡ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 ድረስ ሰው ይመለምል በነበረው ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ግሪን ካርድ ያልነበራቸው፣ በተማሪ ቪዛ ወይም በጥገኝነት የነበሩ ሰዎች በሙያቸውና በቋንቋቸው ተፈልገው ተወስደዋል። ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። እነዚህ ልጆች ዛሬ ታክሲና ኡበር እየነዱ፣ ፓርኪንግ እየሠሩ፣ ነርስ ሆነው በመካከላችን አሉ። ወታደር እንደነበሩ የማያውቅ ጎረቤት ብዙ ነው።

ገንዘቡ ምን እንደሆነ እንግባባ። ሁላችንም ቪኤ የምንለው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በአገልግሎት ላይ ለደረሰ ወይም በአገልግሎት ምክንያት ለባሰ ጉዳት በየወሩ ካሳ ይከፍላል። ጡረታ አይደለም፤ ሃያ ዓመት አገልግል አይልም። ዌልፌርም አይደለም፤ ሥራ ያለውም፣ ደመወዙ ከፍ ያለውም ያገኘዋል። ታክስ አይቆረጥበትም። ጉዳቱ ከ0 እስከ 100 በአሥር በአሥር እየተለካ መቶኛ ይሰጠዋል። በ2025 የሚጦረው ቤተሰብ የሌለው ሰው በ10 መቶኛ በወር 175 ዶላር ከ51 ሳንቲም፣ በ100 መቶኛ ደግሞ 3,831 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነበር የሚደርሰው። 30 እና ከዚያ በላይ ያለው ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጆቹና በእሱ ለሚጦሩ ወላጆቹ ጭማሪ አለው። ዜሮ መቶኛም አይናቅ። ወርኃዊ ገንዘብ ባይከፈልበትም ጉዳቱ ከአገልግሎት የመጣ መሆኑ በመዝገብ ጸንቷል፤ ነገ ቢብስ ማሳየት የሚቀረው መባሱን ብቻ ነው።

ጨዋ ልጆቻችን ሁልጊዜ የሚያነሡብኝ አንድ ጥያቄ አለ። «እግሩን ያጣ ጓደኛ አለኝ፤ የእሱን ድርሻ አልሻማም» ይላሉ። ድርሻ የለም። ለዚህ ዓመት ይህን ያህል ሰው ብሎ የተቆረጠ ቁጥር የለም። ሕጉ ያሟላውን ሁሉ ይከፍላል፤ ያንተ መቅረት ለጓደኛህ አምስት ሳንቲም አይጨምርለትም።

ጉዳዩ የሚቆመው በሦስት ጉልቻ ነው። አንደኛው፣ ዛሬ ያለ፣ ሐኪም ስም የሰጠው ሕመም ነው። ሁለተኛው፣ በአገልግሎት ዘመን የደረሰ ነገር ነው፤ መውደቅ፣ ፍንዳታ፣ ድምፅ፣ ጭስ፣ ፍርሃት። ሦስተኛው ሁለቱን የሚያገናኘው ነው፤ የዛሬው ሕመም ከያኔው ነገር የመጣ መሆኑን የሚያስረዳ የሐኪም አስተያየት። ድስት በሁለት ጉልቻ አይጣድም። ውድቅ የሚሆኑት ማመልከቻዎች አብዛኞቹ ውሸት ስለሆኑ ሳይሆን አንዱ ጉልቻ ስለጎደላቸው ነው፤ እኔ ካየኋቸው መካከል ደግሞ በብዛት የሚጎድለው ሦስተኛው ነው።

ሚዛኑ ግን ከምታስቡት በላይ ለአመልካቹ ያደላል። በወንጀል ችሎት ጥፋቱ ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። እዚህ ግን ለእሱ የሚመሰክረው ማስረጃና በእሱ ላይ የሚመሰክረው እኩል ከሆነ ሕጉ ለወታደሩ ፍረዱ ይላል። ስለዚህ ሐኪሙ «በእርግጠኝነት» ብሎ እንዲጽፍ አይጠበቅም። «ከአገልግሎቱ የመምጣቱ ዕድል ቢያንስ ካለመምጣቱ እኩል ነው» ብሎ፣ ለምን እንዲህ እንዳለም ምክንያቱን ካስቀመጠ ይበቃል። ምክንያት የሌለው የሐኪም ፊርማ ግን ብዙ አይረዳም። በ2000 የወጣ ሕግም መሥሪያ ቤቱ ራሱ አመልካቹን እንዲረዳ፣ የሕክምና መዝገቡን እንዲያፈላልግለትና አስፈላጊ ሲሆን እንዲያስመረምረው ያዝዛል። አመልካቹ ያልተናገረውን ሕመም ግን ማንም አያፈላልግለትም።

አንዱ ሕመም ሌላውን ሲወልድም ይታያል። ጉልበቱን የሚያስታምም ሰው አካሄዱ ይበላሻል፤ ወገቡ ይከተላል። ለሕመሙ ለዓመታት የወሰደው መድኃኒት ጨጓራውን ይጎዳዋል። ጉልበቱ ከአገልግሎት የመጣ መሆኑ ከጸና ወገቡም ጨጓራውም በእሱ በኩል ሊገቡ ይችላሉ። እዚህም ቢሆን ሐኪሙ ግንኙነቱን መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ጉልቻ ላይ ቆም ልበል፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ብዙ ልጆች በአገልግሎት ላይ ሳሉ ሐኪም ዘንድ አልሄዱም። የሄደ ሰነፍ ይባላል። ስለዚህ መዝገባቸው ባዶ ነው፣ ከወጡ በኋላም «መዝገብ ከሌለኝ ምን አቀርባለሁ?» ብለው ይተዉታል። መዝገብ የጠፋበት ወታደር ግን እነሱ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ ከተማ የወታደሮች መዝገብ ማዕከል ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል ወድሟል። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የወጡ ሰዎች ፋይል 80 ከመቶው ዐመድ ሆኗል። ኮሪያ የዘመተ አሜሪካዊ መጎዳቱን የሚያሳይበት ወረቀት ሲቃጠልበት ምን ያድርግ? ጓደኞቹን ፈለገ፤ ያን ጊዜ ለእናቱ የጻፈውን ደብዳቤ አወጣ፤ ፎቶግራፍ አወጣ። ምስክር የሚሆነው የሐኪም ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ አይደለም።

እናንተ የምትገቡት እዚህ ላይ ነው። 21-10210 የሚባል የምስክርነት ቅጽ አለ። ሚስት፣ እናት፣ የሥራ ባልደረባ፣ አብሮት የዘመተ ጓደኛ ያየውንና የሰማውን ይጽፍበታል። ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ እንዲያውም እንደ ሐኪም መጻፍ አያስፈልግም። አንዲት እኅታችን መጀመሪያ የጻፈችውን ልንገራችሁ። «ባለቤቴ መልካም ሰው ነው፤ ይህችን አገር በታማኝነት አገልግሏል፤ እባካችሁ እርዱት።» የልመና ደብዳቤ ነው፤ ማስረጃ የለበትም። ቡና እየጠጣን እንደገና አጫወተችኝ። ከ2019 ጀምሮ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው፤ አልጋው ለወገቡ አልሆነም። ጠዋት ጫማውን የምታስርለት እሷ ናት። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ሌሊት እየጮኸ ይነሣል። የልጃቸው ልደት ላይ ፊኛ ሲፈነዳ ከቤት ወጥቶ መኪና ውስጥ ተቀመጠ፤ ኬኩ ሲቆረጥ አልነበረም። «ይኼን መጻፍ ነውር አይሆንም?» አለችኝ። ይኸው ነው የሚጻፈው። ዓመት ያለበት፣ ቁጥር ያለበት፣ ዓይን ያየው ነገር።

ስለ ስማችንና ስለ ቀናችን ልናገር፤ በእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ፋይል የሚጓተተው በሕመም ጥያቄ ሳይሆን በዚህ ነው። ችግሩ ግን በእኛ አልተጀመረም። ሜትሮ ይዛችሁ ጁዲሺያሪ ስኩዌር ስትወርዱ ቀይ ጡብ የለበሰ ግዙፍ ሕንፃ ፊት ለፊታችሁ ታያላችሁ። ዛሬ ብሔራዊ የሕንፃ ሙዚየም ነው። የተሠራው ግን ከ1882 እስከ 1887 ባሉት ዓመታት፣ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች ጡረታ ለሚያስተዳድረው ቢሮ ነበር። ዙሪያውን 1,200 ጫማ የሚረዝም፣ ከተተኮሰ ሸክላ የተሠራ የወታደሮች ሰልፍ ተቀርጾበታል፤ የቆሰሉትም አሉበት። 

በዚያ ዘመን ለጡረታ ካመለከቱት ሰዎች አንዷ ሃሪየት ተብማን ናት፤ ባሪያ ሆኖ የተያዘውን ወገኗን በሌሊት እየመራች ነጻ ያወጣችው ጀግና። ባሏ ኔልሰን ዴቪስ የጦርነቱ ወታደር ነበር፤ በ1888 ሞተ። በ1890 ለመበለቶች የሚሰጠውን ጡረታ ስታመለክት እክል ገጠማት፤ ባሏ በጦሩ መዝገብ ላይ የተጻፈው ኔልሰን ቻርልስ ተብሎ ነው። ኔልሰን ቻርልስና ኔልሰን ዴቪስ አንድ ሰው መሆናቸውን በምስክር ማስረዳት ነበረባት። በወር 8 ዶላር የተፈቀደላት በ1895 ነው። በ1899 ኮንግረስ በነርስነት ያገለገለችበትን ቆጥሮ ወደ 20 ዶላር ከፍ አደረገላት። ከባርነት የወጡ ብዙ ጥቁር ወታደሮችና ሚስቶቻቸው ይህ ችግር ነበረባቸው። የልደት ወረቀት የለም፣ ጋብቻው በጽሑፍ አልተመዘገበም፣ ስሙ በባሪያ አሳዳሪው ስምና በገዛ ምርጫ መካከል ተለዋውጧል። መፍትሔያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ የሚያውቃቸው ጎረቤት ቀርቦ ይመስክር።

ታሪኩ የራሳችንን ፋይል አያስታውሳችሁም? አባት በአባቱ ስም ይጠራል፤ ልጁ በአባትየው ስም ይጠራል፤ ሚስት በአባቷ ስም እንደተጠራች ትኖራለች። ለአሜሪካዊ ጸሐፊ ሦስት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ናቸው፤ ባልና ሚስትና ልጅ መሆናቸው አይታየውም። ፀ እና ጸ አንዱ ወረቀት ላይ በቲ ይጀምራሉ፣ ሌላው ላይ በኤስ። የሰርግ ወረቀቱ ደግሞ ጥር 2008 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በእነሱ 2016 መሆኑ ካልተገለጸ ጋብቻው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተጎትቶ ያርፋል፤ ምናልባትም ሰውየው አሜሪካ ከመግባቱ በፊት። ስለዚህ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስሞቹን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የስም አጠራራችን እንዴት እንደሆነ ሁለት መስመር ማብራሪያ ጽፋችሁ አያይዙ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ። የአማርኛ ወረቀት የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይኑረው። ይህን የምታደርጉት ሰውየው በሕይወት ሳለ ይሁን። እሱ ከሞተ በኋላ መበለቷ ሃሪየት ተብማን የሠራችውን ሥራ ከመጀመሪያው ልትጀምር ነው።

ወደ ቀን ልለፍ። ካሳው የሚቆጠረው ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አይደለም። በአብዛኛው ማመልከቻው መሥሪያ ቤቱ ከደረሰበት ቀን ነው። ዐሥር ዓመት ታሞ ዛሬ ያመለከተ ሰው የዐሥር ዓመቱን አያገኝም። ነገር ግን ሙሉ ማመልከቻው ሳይዘጋጅ ቀኑን ማስያዝ ይቻላል። «ላመለክት አስቤአለሁ» የሚል 21-0966 የተባለ አጭር ማስታወቂያ ይገባል፤ በስልክም፣ በኢንተርኔትም፣ በወረቀትም። ከዚያ ሙሉውን ማመልከቻ፣ 21-526ኢዜድ የሚባለውን፣ ለማቅረብ አንድ ዓመት አለው። በዚያ ዓመት ውስጥ ካቀረበና ከተፈቀደለት ክፍያው ማስታወቂያው ከገባበት ቀን ሊቆጠር ይችላል። ከጦሩ በወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመለከተ ደግሞ ከወጣበት ማግስት ሊቆጠርለት ይችላል። ገና በአገልግሎት ላይ ላሉትም መንገድ አለ፤ መውጫቸው ከ180 እስከ 90 ቀን ሲቀረው ማመልከት ይችላሉ። ወንድም ልጅ፣ የእኅት ልጅ ዘንድሮ የሚወጣ ካላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉለት።

ስለ ምርመራው ደግሜ ልናገር፤ የልጁ ነገር የተበላሸው እዚያ ነውና። መርማሪው የሚያክም ሐኪም አይደለም፤ የሚመዝን ሐኪም ነው። መድኃኒት አይሰጥም፣ ቀጠሮ አያስይዝም፣ የሰማውንና ያየውን ይጽፋል። «እንዴት ነህ?» ሲል ሰላምታ ይመስላል፤ መልሱ ግን ፋይል ውስጥ ይገባል። አመልካቹ እንዲያጋንን አልመክርም። መዋሸት ወንጀል ነው፤ ማስመሰልና ማቃሰትም እውነተኛውን ሕመም ያስጠረጥረዋል። የምመክረው ስለ ጥሩው ቀን ብቻ አትናገር ብዬ ነው። «ዛሬ ይሻለኛል፤ በወር አምስት ስድስት ቀን ግን ከአልጋ አልነሣም፤ ባለፈው ሦስት ወር ሁለት ጊዜ ከሥራ ቀርቻለሁ።» እውነት ከሆነ ይህ የተሟላ እውነት ነው፤ «ደኅና ነኝ» ግን ጎደሎ እውነት ነው። በቤት ውስጥ አንድ ደብተር ይኑር። መጥፎው ቀን፣ የቆየበት ሰዓት፣ ያቃተው ነገር ይጻፍበት። ሚስቱ ብትጽፈው ይሻላል፤ እሱ ይረሳዋል፣ ወይም መርሳትን ይመርጣል።

የአእምሮ ጉዳት ከሁሉ ያስፈራል። በእኛ ቋንቋ እንኳ ቃሉ ይከብዳል፤ «አበደ» ከማለት በቀር ለብዙ ሰው ስም የለውም። ከጦርነት ድንጋጤ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም በሕክምና መዝገበ ቃላት ስሙን ያገኘው በ1980 ነው፤ ቬትናም የዘመቱት ሰዎች ታግለው ያስጻፉት ስም ነው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ተዋጊ ላልነበሩትም ቀሏል። የጠላት ጥቃት ፍርሃት ባለበት ቦታ ማገልገሉ ከሁኔታው ጋር ከተስማማና የቪኤ ሐኪም ካረጋገጠው፣ እያንዳንዱን ፍንዳታ በወረቀት አስረዳ አይባልም። መኪና የሚነዳ፣ ምግብ የሚያበስል፣ ዕቃ የሚያድል ሁሉ ይገባበታል። በአገልግሎት ላይ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችም ወንዶችም ሪፖርት ባያደርጉ እንኳ በሌላ ዓይነት ማስረጃ ማመልከት ይችላሉ። ካሳውን ተዉትና፣ ዛሬ ሌሊት የጨነቀው ካለ 988 ደውሎ 1 ቁጥርን ይጫን፤ ለቀድሞ ወታደሮች የተዘጋጀ መስመር ነው።

ነሐሴ 10 ቀን 2022 የተፈረመውን ፓክት የሚባለውን ሕግ አንሥቼ አላልፈውም፤ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በጦር ሰፈሮች ቆሻሻ፣ ፕላስቲክ፣ ባትሪ፣ የሕክምና ትርፍራፊ ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ በነዳጅ ይቃጠል ነበር። ጭሱን የማጉ ወታደሮች ዓመታት ቆይተው በአስምና በካንሰር ታመሙ። ሦስተኛውን ጉልቻ ግን ማቆም አልቻሉም፤ ያ ጭስ ያመጣው ነው የሚል ሐኪም ማን ይገኛል? አዲሱ ሕግ ከ20 በላይ ለሆኑ ሕመሞች ጉልቻውን ራሱ አቆመው። በሕጉ በተቆጠሩት አገሮች ከተገለጸው ቀን በኋላ ያገለገለና ከሕመሞቹ አንዱ ያለበት ሰው ግንኙነቱን እንዲያስረዳ አይጠየቅም። ከአገሮቹ መካከል ኢራቅና አፍጋኒስታን እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። ጅቡቲም እንዳለችበት ብዙ ሰው አያውቅም። ከልጆቻችን ስንቱ ነው እዚያ ባለው ካምፕ ሌሞኒየር ተመድቦ «ለአገር ቤት ቀረብኩ» ብሎ የተደሰተው! ከዚያ መልስ አስም ወይም የማይለቅ ሳይነስ ካለበት ይመርመር። ቀድሞ አመልክቶ የተከለከለም እንደገና ማቅረብ ይችላል።

መቶኛው እንዴት እንደሚደመር ባጭሩ። በዚህ መሥሪያ ቤት 50 እና 30 ሰማንያ አይሆንም። 50 የተቀነሰበት ሰው 50 ይቀረዋል፤ የዚያ 30 ከመቶ 15 ነው፤ ድምሩ 65፣ ወደ 70 ይጠጋጋል። ጆሮው ውስጥ ሁልጊዜ የሚጮህበት ሰው በዛሬው ደንብ የሚያገኘው 10 ነው፤ በሌሎቹ ላይ ሲደመር ምንም ላይለውጥም ይችላል፣ ሊለውጥም ይችላል። የሒሳብ አስተማሪ ካለ ይቆጣል፤ እኔም መጀመሪያ ቀን ተቆጥቼ ነበር።

አሁን ስለ ተኩላዎቹ። «መቶ መቶኛ እናስገኝልሃለን፤ ከጭማሪው የስድስት ወሩን ትከፍለናለህ» የሚል ማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ፣ ቲክቶክ ላይ ታያላችሁ። ይህ ነገድ የድሮ ነው። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ የአካል ጉዳተኛውን ጡረታ እየተካፈሉ የሚበለጽጉ ወኪሎች ስለበዙ ኮንግረስ በ1862 ክፍያቸውን በ5 ዶላር፣ በ1864 በ10 ዶላር ወሰነው። ያቺ 10 ዶላር እስከ 1988 ድረስ ሳትነቃነቅ ቆየች፤ ዶላር ዋጋ ሲያጣ፣ ጠበቃ ሁሉ ከቀድሞ ወታደር ሲሸሽ እሷ ቆማለች። ተኩላውን ለማባረር የተሠራው አጥር በጉን ያለ እረኛ አስቀረው። ዛሬ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ለመጀመሪያው ማመልከቻ ማንም ገንዘብ መቀበል አይችልም። ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው ወኪል የሚከፈለው የመጀመሪያው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው፤ ከተጠራቀመው ክፍያ 20 ከመቶ ድረስ አግባብ ነው ተብሎ ይገመታል። ይሁን እንጂ ያለ ፈቃድ የሚያስከፍሉትን የሚቀጣው የወንጀል አንቀጽ በ2006 ከሕጉ ወጥቷልና ተኩላዎቹ ደፍረዋል። ጥርሳቸውን የምታዩበት መንገድ ቀላል ነው፤ ቪኤ ፈቃድ ከሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስማቸውን ፈልጉ። ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት ነው። በነጻ የሚሠሩ ሞልተዋል፤ ዲኤቪ፣ አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብሊው የሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት፣ እንዲሁም የቨርጂኒያና የሜሪላንድ የቀድሞ ወታደሮች ቢሮዎች ፈቃድ ያላቸው ተወካዮች አሏቸው። 21-22 የተባለውን ውክልና ከፈረመ ተወካዩ ፋይሉን ያያል፣ በስሙም ይናገራል።

እኛ ጎረቤቶችና ዘመዶች እንግዲህ ምን ድርሻ አለን? ማመልከቻ አዘጋጅ ሆነን ሰው ሁሉ እንዳይመጣብን፤ ለዚያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በቅን ልቦና የተበላሸም ብዙ አይቻለሁ። ለምርመራ በመኪና ማድረስ፣ ወረቀት መፈለግ፣ ማስተርጎም፣ ምስክርነት መጻፍ፣ የቀጠሮ ቀን ማስታወስ ግን ማንም አይከለክለንም። ከሁሉ የሚቀድመው ዲዲ 214 የሚባለውን የመውጫ ወረቀት ማግኘት ነው። አወጣጡ በክብር ያልሆነ ሰውም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ፤ ጉዳዩ ለብቻው የሚታይበት ሥርዓት አለ።

«አይሆንም» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ብዙዎች ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከተው ይዘጉበታል። ከየካቲት 2019 ጀምሮ ሦስት መንገድ አለ። አዲስና ለጉዳዩ የሚረባ ማስረጃ ያለው ተጨማሪ ማመልከቻ ያቀርባል። ማስረጃው በቂ ነበር፣ ያየው ሰው ነው የተሳሳተው የሚል በከፍተኛ ገምጋሚ ያሳያል፤ እዚህ ላይ አዲስ ወረቀት አይጨመርም። ወይም ለይግባኝ ቦርዱ ያቀርባል፤ ይህኛው ይረዝማል። በአንድ ዓመት ውስጥ እስከቀጠለ ድረስ የመጀመሪያውን ቀኑን አያጣም። ደብዳቤውን ሲያነብብ ከ«አይሆንም» ቀጥሎ ያለውን ያንብብ፤ የትኛው ጉልቻ እንደጎደለ እዚያው ተጽፏል።

ሶሻል ሴኩሪቲ የሚከፍለው ዲሰብሊቲ ሌላ ቤት ነው፤ አታምታቱት። እዚያ መቶኛ የለም። ሕመሙ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚቆይ ወይም ለሞት የሚያደርስ ሆኖ ሠርቶ ከማደር አግዶሃል ወይስ አላገደህም ነው ጥያቄው። ጉዳቱ ከጦሩ የመጣ ይሁን ከደረጃ መውደቅ ግድ የለውም፤ ሠርቶ የከፈለው ታክስ ነው የሚቆጠረው። ቪኤ 100 መቶኛና ቋሚ ያለው ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ይፈቅድለታል ማለት አይደለም፤ ፋይሉ ግን ቶሎ ይታይለታል። ሁለቱንም አንድ ላይ መቀበል ይቻላል፣ አንዱ ሌላውን አይቀንስም። ገቢ ለሌለው ሰው በሚሰጠው ኤስኤስአይ ላይ ግን የቪኤው ገንዘብ ይታሰባል።

ያ ልጅ ምን ሆነ የምትሉ ይኖራሉ። ፈቃድ ያላት ተወካይ ዘንድ ሄደ፤ የወገቡን ሐኪም አስተያየት አስጻፈ፤ አብሮት የነዳ ጓደኛው ከቴክሳስ ምስክርነት ላከለት፤ ተጨማሪ ማመልከቻ አስገባ። ለሁለተኛው ምርመራ ያደረስኩት እኔ ነኝ። መኪናው ውስጥ «እንዴት ነህ ሲልህ ምን ትላለህ?» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ» አለኝ። ይሁን አልኩት።

ጥያቄ ለመጠየቅ እጃችሁን እንዳነሣችሁ አይቻለሁ፤ ሻይም ቀርቧል። ግን አንድ ነገር። አሁን ምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። የዛሬው ቀን ሊያልፍ አራት ሰዓት ይቀረዋል። ወታደር የነበራችሁ፣ እስካሁን ያላመለከታችሁ ካላችሁ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ኋላ ጠረጴዛ ሂዱ፤ የ«ላመለክት አስቤአለሁ» ማስታወቂያውን በኢንተርኔት መላክ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሻዩን እናቆይላችኋለን።